ብሩሹ ከቦርሳ ከመውጣቱ በፊት፦ በዓለት መውጫ መስመር ላይ የበቀለ ተክል መቼ ይነካል?

አዲስ የዓለት መውጫ መስመር፣ ማለትም ለስፖርት ዓለት የሚወጣ ሰው እየያዘና እየረገጠ የሚወጣበትን መንገድ፣ ለመክፈት ገደል ሥር የቆመ ሰው እጁ ቶሎ ወደ ብሩሽ ይሄዳል። ስንጥቁ አፈር ሞልቶታል፣ መርገጫው ላይ ሞስ የሚባለው ለስላሳ አረንጓዴ ተክል ተነጥፏል፣ መሃል ላይ አንዲት ቁጥቋጦ መንገዱን ዘግታለች። ገደል ላይ የበቀለ ተክል ግን ብዙ ጊዜ እዚያ የቆየው መጥረቢያም ፍየልም ስላልደረሰበት ነው። ከሜዳው የጠፋ ዝርያ ገደል ላይ ተጠግቶ ይገኛል።

ካናዳ ውስጥ በናያጋራ ገደላማ ሸንተረር ላይ የበቀሉትን የጽድ ዘመዶች ያዩ ሁሉ ትንንሽና ጠማማ ስለሆኑ ከተራ ቁጥቋጦ ይቆጥሯቸው ነበር። የጉዌልፍ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ቀለበታቸውን መቁጠር ሲጀምሩ ግን ከ1,000 ዓመት በላይ የኖሩ ተገኙ። እንዲህ ያለውን ዛፍ በእጅ መጋዝ ለመጣል ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እንግሊዝ አገር በብሪስቶል ያለው የኤቨን ሸለቆም የታወቀ የዓለት መውጫ ነው፤ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይበቅሉ ዛፎች አሉበት። ስለዚህ ቁመት ትንሽ ነው ማለት ዕድሜ ትንሽ ነው ማለት አይደለም፤ ስሙን የማታውቁትን ተክል አትንቀሉ።

ግድግዳውን ቢያንስ ሁለት ጊዜ እዩት። በኢትዮጵያ ደጋ አንዱ ጊዜ መስከረም ወይም ጥቅምት ይሁን፤ አበባው ያኔ ስለሚታይ ዝርያውን መለየት ይቀላል። ሌላው የካቲት አካባቢ ይሁን፤ ያኔ የዓመት ሣሩ ደርቆ ሥር የሰደደው ብቻ ይቀራል። በሁለቱም ጊዜ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ፎቶ አንሱና በአቅራቢያው ላለ የዕፅዋት ባለሙያ አሳዩ። ከጉድጓድ ወይም ከእርከን በታች ነጭ የኩስ ጅረት ካያችሁ ከላዩ የአሞራ ወይም የጭልፊት ጎጆ ይኖራል። ጫጩቱ እስኪበር ድረስ ያንን መስመር ብቻ ሳይሆን ጎን ለጎን ያሉትንም ተዉ።

ቀጥሎ ፈቃድ ነው። ብሪታንያ ውስጥ ያለ ባለመሬቱ ፈቃድ ማናቸውንም የዱር ተክል መንቀል እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ሕግ ክልክል ነው። እንደ ሰሜን ተራሮች ባለ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለ ፓርኩ አስተዳደር ፈቃድ አንዲት ቅጠል አትነካም። ገርዓልታ ላይ ደግሞ ገደሉ ሰው አለው፤ ገበሬ ያርስበታል፣ ቤተ ክርስቲያን አለበት። መጀመሪያ የአካባቢውን ሽማግሌዎችና ካህናቱን ጠይቁ። እንደ አቡነ የማታ ጉህ ያሉ ምእመናን በባዶ እግር የሚወጡባቸው ዓለቶችና የቤተ ክርስቲያን ዛፎች ለመስመር አይጠረጉም። በለሱም ቢሆን መጤ ነው ተብሎ አይቆረጥም፤ ለቤተሰቡ ምግብ፣ ለከብቱም መኖ ነው።

ፈቃዱ ከተገኘ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፦ የናይሎን ብሩሽ፣ ያረጀ የጥርስ ብሩሽ፣ ጫፉ የተሳለ እንጨት፣ የቅርንጫፍ መቀስ፣ ጠንካራ ከረጢት፣ የዓይን መከላከያና ሄልሜት። የሽቦ ብሩሽ ለአሸዋ ድንጋይና ለኖራ ድንጋይ አይሆንም፤ የዓለቱን ጠንካራ ቆዳ ይልጠውና ውስጡ ዱቄት ይሆናል። ድንጋዩን በአውራ ጣት ፈትጉት። አሸዋው ጣታችሁ ላይ ከቀረ የናይሎኑንም ብሩሽ መልሳችሁ ለስላሳውን ያዙ፤ ዝናብ ከዘነበ ደግሞ ውስጡ እስኪደርቅ አትንኩት። የአረም መርዝ፣ በረኪና፣ እሳትና በግፊት የሚረጭ ውኃ በፍጹም አይገቡም፤ ጉዳታቸው ከመስመሩ አልፎ በውኃው እስከ ታች ይወርዳል።

ሥራው ከላይ ወደ ታች ነው፤ አለበለዚያ የጠረጋችሁት ተመልሶ ይቆሽሻል። የማይለጠጥ ገመድ በሁለት የተለያዩ ማሰሪያዎች እሰሩ፣ አፋፉ ላይ መከላከያ ጨርቅ አንጥፉለት፣ የገመዱን ጫፍ ቋጥሩ፣ ስትወርዱ የፕሩሲክ ቋጠሮ (በቀጭን ገመድ ዋናው ገመድ ላይ ተጠምጥሞ ክብደት ሲያርፍበት የሚነክስ ቋጠሮ) መጠባበቂያ ይኑራችሁ። ከታች አንድ ሰው ከሚወድቀው ርቆ ቆሞ መንገደኛ ይከልክል።

የሚጠረገው እጅና እግር የሚያርፉበት ብቻ ነው፤ በመያዣው ዙሪያ አንድ መዳፍ ያህል ይበቃል። ሞሱን አትፋቁት። ጠርዙን በእንጨቱ አንሱና እንደ ምንጣፍ ጠቅልላችሁ በአጠገቡ ባለ እርጥብ እርከን ላይ አኑሩት። ላይከን የሚባለው የድንጋይ ሽበት እግር ካላንሸራተተ ይቅር፤ አንዳንዱ ዝርያ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያድግም። ቅርንጫፍ ፊት ላይ የሚመታ ከሆነ ጫፉ ላይ አትጨርግዱት፤ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ካለው እብጠት ወጣ ብላችሁ ቁረጡ፣ እብጠቱ ቁስሉን ይዘጋዋል። ከአውራ ጣት የወፈረ ቅርንጫፍ ካለ መስመሩን ማዞር ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስንጥቅ ላይ ነው። ከድንጋይ ጀርባ የጣት ውፍረት ያለው ሥር ሲገባ ካያችሁ ድንጋዩን በጡጫ ምቱት። እንደ ከበሮ ከጮኸ ከጀርባው ክፍት ነው፤ ምናልባት ይዞት ያለው ያ ሥርና በዙሪያው ያለው አፈር ነው። ሥሩን የቆረጣችሁ ቀን አይወድቅም። ሥሩ ሲበሰብስ፣ ክረምቱ ሲገባ፣ ሌላ ሰው ተንጠልጥሎበት ሳለ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ስንጥቅ ካለ መስመሩን ወደ ጎን አዙሩት፤ ካልተቻለ ተዉት።

ከስንጥቁ የወጣውን አፈር በከረጢት ያዙና እዚያው ገደል ሥር በዛፍ ጥላ በትኑት። ወደ ሌላ ገደል አትውሰዱት፤ የወፍ ቆሎና የሌላም መጤ አረም ዘር አብሮ ይጓዛል። ብሩሹንም ከገደል ወደ ገደል ስትሄዱ እጠቡት።

አፋፉ ላይ ያለው ሣርና አፈር አይነካ። የዝናቡን ውኃ የሚያጣራውና የሚያዘገየው እሱ ነው። ከተነሣ ጭቃው በየክረምቱ ግድግዳው ላይ ይወርዳል፣ የጠረጋችሁት መስመርም በዓመቱ ከቀድሞው የባሰ ይሆናል። ስለዚህ ቦልት (ዓለት ተበስቶ የሚገባ የብረት ማሰሪያ) ማስገባት የሚፈቀድበት ቦታ ከሆነ መውረጃ ማሰሪያውን ጤናማ ዓለት ፈልጋችሁ ከአፋፉ 1 እስከ 2 ሜትር ዝቅ አድርጉት፤ የሚወጣው ሰው አፋፉን ሳይረግጥ ይመለሳል። ዛፍ ላይ ከማሰርም ይሻላል፤ ገመድ በተደጋጋሚ ሲሳብበት ልጡ ዙሪያውን ይላጣል፣ ልጡ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ ደግሞ ይደርቃል።

ከአንድ ክረምት በኋላ የመጀመሪያውን ፎቶ ይዛችሁ እዚያው ቦታ ቁሙ። የጠረጋችሁት ሁሉ ተመልሶ ከበቀለ ሁለተኛ አትጥረጉት፤ ማሰሪያውን ነቅላችሁ ቀዳዳውን ዝጉና መስመሩን ለበቀለበት ተዉለት።