ታብሌት ላይ ፎቶ ስታስተካክሉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ደሴ ላይ ሠርግ ማንሳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ኮምፒውተሩን ትቼ ወደ ታብሌት የዞርኩት መብራት እየሄደ ሲያስቸግረኝ ነው። ሥራው ግማሽ ላይ ሲደርስ ድርግም ሲል ያለውን ንዴት የደረሰበት ያውቀዋል። ታብሌት ግን በቻርጁ ይቀጥላል። ለገና ላሊበላ ስሄድም ከጋቢዬ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ «በታብሌት ደህና ሥራ አይወጣም» ከሚሉት ጋር አይደለሁም። ይወጣል። ግን ልጆች ሥራ ሊያሳዩኝ ሲመጡ ያንኑ ስህተት መልሼ መላልሼ አያለሁ። በተለይ የመጀመሪያውን።

የመጀመሪያው የስክሪኑን ብርሃን ለታብሌቱ መተው ነው። ታብሌት የተሠራው ፊልም ለማየትና መልእክት ለማንበብ ነው። ዓይናችሁ እንዲመቸው ሲል ራሱን ይቀያይራል። ጨለማ ክፍል ስትገቡ ይደበዝዛል፣ ደጅ ስትወጡ ይደምቃል። አይፓድ ላይ ናይት ሺፍት የሚባለው ማታ ስክሪኑን ወደ ብርቱካናማ ይወስደዋል። ትሩ ቶን ደግሞ የክፍሉን መብራት እያየ ነጩን ይለውጣል። ሳምሰንግ ላይ ቪቪድ የሚባለው ቀለሙን ሁሉ ያጎላዋል። እናንተ ፎቶውን ያስተካከላችሁ ይመስላችኋል። የምታስተካክሉት ግን የስክሪኑን ቀለም ነው።

ይህን የተማርኩት በኪሳራ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ያነሳሁትን ሠርግ ማታ ማታ አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ጨረስኩት። ናይት ሺፍቱ በርቷል፣ እኔ አላስተዋልኩም። ሁሉም ፎቶ ቢጫ ቢጫ ሲለኝ ወደ ሰማያዊ እየሳብኩ ሠራሁት። አልበሙ ታትሞ መጣ። የሙሽሪት እናት ገልጠው ገልጠው አንዱ ገጽ ላይ ቆሙ። በጣታቸው ጥለቱን ነኩና «ልጄ፣ ይሄ ነጠላ የኔ አይደለም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ለልጃቸው ሠርግ ያሠሩት ነጭ ነጠላ ውሃ ሰማያዊ ሆኗል። ፊታቸውም የታመመ ሰው ፊት መስሏል። አልበሙን ከኪሴ አውጥቼ እንደገና አሳተምኩት። እሳቸው «አብሽር» ብለው ሸኙኝ፤ እኔ ግን እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

የብርሃኑም ነገር እንደዚሁ ነው። ስክሪኑ ጥግ ድረስ ሲደምቅ ፎቶው የበራ ስለሚመስል ማብራቱን ትተዉታላችሁ። ወረቀት ግን የራሱ ብርሃን የለውም። ስለዚህ ታትሞ ሲመጣ ሰው ሁሉ ጨልሞ ይመጣል። ከዚያ «ማተሚያ ቤቱ አበላሸብኝ» ይባላል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የማተሚያ ቤቱ አይደለም።

እንዲህ አድርጉ። ናይት ሺፍት፣ ትሩ ቶን፣ አውቶ ብራይትነስ፣ ሁሉንም አጥፉ። ቪቪድ ካለ ናቹራል ወደሚለው መልሱት። ከዚያ አንድ ፎቶ 10 በ15 ሳንቲሜትር አሳትሙና መስኮት አጠገብ ከስክሪኑ ጎን ያዙት። ስክሪኑ ወረቀቱን እስኪመስል ብራይትነሱን ዝቅ አድርጉ፤ እዚያው ላይ ይቁም። የእኔ ግማሽ አካባቢ ነው የቆመው። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል። ፀሐይ የሚመታው በረንዳ ላይ ቡና እየጠጡ ኤዲት ማድረግም ይቅር። ሂስቶግራሙንም፣ የፎቶውን ጨለማና ብርሃን በግራፍ የሚያሳየውን፣ ማየት ልመዱ። ዓይን ሲሸወድ እሱ አይሸወድም።

የፎቶውን ነጭ (ዋይት ባላንስ) ስታስተካክሉ ለአፑ «ነጭ ይህ ነው» ብላችሁ የምትመርጡትን ቦታ እዩ። ነጠላ ጥሩ ነው፣ ግን ድንኳን ውስጥ ከሆነ ተጠንቀቁ። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጠ ሰው ነጠላውም ፊቱም ሰማያዊ ይሆናል። በር አካባቢ የደጅ ብርሃን ያገኘውን ሌላ ቀለም ይዞ ታገኙታላችሁ። ለአንዱ ያስተካከላችሁትን ለሁለት መቶው ፎቶ በአንዴ አትለጥፉ።

ጄፔግ (ካሜራው ጨምቆ የሚያስቀምጠውን) አንስቶ ሮው (ካሜራው ያየውን ሳይጨምቅና ሳያስተካክል የሚይዘውን) እንዳነሳ ሰው ብርሃኑንና ቀለሙን መጎተትም አለ። ጄፔግ ለአንድ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ነው የሚይዘው። 14 ቢት ሮው 16,384 ይይዛል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉም የወረደበትን ሰማይ በጄፔግ አንስታችሁ ስትጎትቱት እንደ ደረጃ ተሸንሽኖ የሚወጣው ለዚህ ነው። ታብሌቱ ሮው ይከፍታል፤ ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ማስተካከያ አፕ ይከፍተዋል። ካሜራው ላይ ሮው ማድረግ ብቻ ነው።

አሁን የሚያናድደኝን ልናገር። ፊት ማለስለስ። ባቲ የሰኞ ገበያ ላይ የተነሳች አንዲት እናት ፎቶ አንዱ ልጅ አምጥቶ አሳየኝ። አንገቷ ላይ ንቅሳት ነበራት። ማለስለሻውን አፕ በአንድ ንክኪ ሲያስኬደው ንቅሳቷን ግማሽ በግማሽ አጥፍቶባታል። የዓይኗን ዳር መስመሮችም ጠርጎ ወስዶታል። ያ ንቅሳት ጌጥዋ ነው፣ ልጅነቷ ነው። በዚያ ላይ ቆዳዋን አንጥቶታል። ማንም ንጪ አላላትም! ብጉር በሳምንት ይጠፋል፣ አጥፉት። የሰው መልክ ግን አትንኩ። ማለስለሻውን ከ20 በላይ የሚጎትት ልጅ እኔ ጋ ቢሠራ አላሳልፈውም።

የካሜራውን ካርድ ቶሎ ማጥፋትም አለ። አንድ የማውቀው ልጅ ገናን ላሊበላ ሄዶ አነሳ። ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ የሚባለውን ዝማሬ ሲያቀርቡ፣ ከላይ ከድንጋዩ ጫፍ፣ ከታች ከግቢው። ቦታ ይዞ የቆመው ከሌሊት ጀምሮ ነው። ፎቶዎቹን ላይትሩም ውስጥ አስገባና ካርዱን ፎርማት አደረገው። በማግስቱ ታብሌቱ «ቦታ የለኝም» ሲለው አፑን አጥፍቶ እንደገና ሊጭነው አሰበ። ዳታው ደካማ ስለነበር ፎቶዎቹ ወደ ክላውድ፣ ወደ ኢንተርኔቱ ማከማቻ፣ አልሄዱም ነበር። አፑ ሲጠፋ አብረው ጠፉ። ስልክ ደውሎልኝ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። ገና በዓመት አንዴ ነው፤ ምን እለዋለሁ? እባካችሁ፣ ክላውድ ላይ መድረሱን በዓይናችሁ ሳታዩ አፕ አታጥፉ። 64 ጊጋባይት ታብሌት በሮው ቶሎ ይሞላል። ትንሽ ሀርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ይኑራችሁ፣ ወደዚያ ገልብጡ። ካርዱ ደግሞ አልበሙ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ አይነካ።

ስክሪኑን ጥረጉ። የጣት ቅባት ያለበት ስክሪን ሁሉን ነገር ያደበዝዛል፤ ሰው ደግሞ ፎቶው መስሎት ኮንትራስት ይጨምርበታል።

ለኅትመት ስታወጡ ከቀለም ዓይነቶቹ (ከለር ስፔስ) ኤስ አር ጂ ቢ የሚለውን፣ ብዙ ማሽን የሚያውቀውን፣ ምረጡ። ሰፋ ያለ ቀለም የሚይዘውን ዲስፕሌይ ፒ3 ብላችሁ ከላካችሁ ብዙ ማሽን ቀይ ጥለቱን አደብዝዞ ያወጣዋል።

በመጨረሻ፣ ለማተሚያ ቤት በቴሌግራም እንደ ፎቶ መላክ። ቴሌግራም ፎቶውን ያሳንሰዋል፣ ይጨምቀዋል። ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል 30 በ40 ሳንቲሜትር በኢንች 300 ነጥብ ለማተም 3,543 በ4,724 ፒክስል ያስፈልጋል። ተጨምቆ የደረሰው የዚያን ሩብ ላይሞላ ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ የለፋችሁበት የሙሽሪት ሹሩባ ጭቃ ሆኖ ይወጣል። ከማያያዣዋ ምልክት ገብታችሁ ፋይል ብላችሁ ላኩ።