ከአናናስ ልጣጭ ብሮሜሊን ሲያወጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጁስ ቤቶች በየቀኑ የሚጥሉት የአናናስ ልጣጭ፣ እምብርትና አክሊል ፕሮቲን የሚቆራርጥ ብሮሜሊን የተባለ ኢንዛይም አለው። ሥጋ ያለሰልሳል። ከግንዱ የሚወጣው ደግሞ በቃጠሎ የሞተ ቆዳን ለማንሳት በአውሮፓ በ2012፣ በአሜሪካ በ2022 እ.ኤ.አ. በመድኃኒትነት ጸድቋል። ማውጣቱ ቀላል ነው፤ ብዙዎች የሚሰናከሉት ኢንዛይሙን ከነአቅሙ ማቆየት ላይ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ልጣጩን ማሳደር ነው። ስኳር ስላለው በሞቃት ቀን ቶሎ መብላላት ይጀምራል። በዕለቱ ካልሠሩበት ፍሪዘር ያስገቡት።

ሁለተኛው ሙቀት ነው፤ ጉዳቱም ከሁሉም ይብሳል። «ጀርሙ ይሙት» ብሎ ጭማቂውን የሚያፈላ ሰው ኢንዛይሙንም አብሮ ይገድላል። ብሮሜሊን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ ድረስ በደንብ ይሠራል፤ ከ70 ካለፈ ግን አቅሙን በፍጥነት ያጣል። ሲታሸግ የሚሞቀው የቆርቆሮ አናናስ የገባበት ጄሊ የሚረጋው፣ ትኩስ አናናስ የገባበት ግን ፈሳሽ ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው። ለብ ባለ ቦታ ማቆየትም አያዋጣም፤ ኢንዛይሙ ራሱ ፕሮቲን ስለሆነ እርስ በርሱ ይበላላል። ስለዚህ ብሌንደሩን በአጭር በአጭሩ እያቆሙ ይፍጩ፣ ጭማቂውንም በበረዶ ላይ ያቆዩ። ኢንዛይሙን ከጭማቂው ለመለየት በኤታኖል (አልኮል) የሚያዘቅጡ ከሆነ ደግሞ ኤታኖሉ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል እንደሚሞቅ አይርሱ። አስቀድመው በደንብ አቀዝቅዘው፣ እያማሰሉ ጠብ ጠብ ያድርጉት።

ውሃ ማብዛትም አለ። የበዛው ውሃ ኋላ የሚያዘቅጡበትን ኤታኖል ወይም ጨው ያበዛል፤ ኪሳራው በገንዘብ ይታያል።

የመዳብ ዕቃ አይጠቀሙ። የኢንዛይሙ መቁረጫ ሲስቴይን በተባለው አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ) ላይ ያለው ሰልፈር ነው፤ መዳብ ሲይዘው ሥራ ያቆማል። አየርም ቀስ በቀስ ያዳክመዋል፤ በላቦራቶሪ ትንሽ ሲስቴይን የሚጨመረው ለዚህ ነው። ደረቁን ዱቄት ሲነኩ ማስክና ጓንት ያድርጉ፤ ብናኙ አለርጂና አስም ያስነሳል።

ከሁሉ የሚያስገርመኝ ግን ውጤትን በሚዛን መለካት ነው። «ይህን ያህል ግራም ዱቄት አገኘሁ» ይባላል፤ ግማሹ ስኳር ወይም ለማዝቀጥ ተጨምሮ ሳይወገድ የቀረ አሞኒየም ሰልፌት የተባለ ጨው ሊሆን ይችላል። መለካት ያለበት ኢንዛይሙ በተወሰነ ጊዜ ምን ያህል ካዚን (የወተት ፕሮቲን) እንደሚቆርጥ ነው። መሣሪያው ከሌለ ጄላቲን ይበቃል። በሙቅ ውሃ አሟሙተው ለብ ሲል በሁለት ብርጭቆ ይክፈሉት፤ በአንዱ ያወጡትን ጭማቂ፣ በሌላው ያንኑ ጭማቂ አፍልተው እኩል መጠን ይጨምሩና ፍሪጅ ያሳድሩ። የፈላው ረግቶ ያልፈላው ፈሳሽ ከሆነ ኢንዛይሙ እየሠራ ነው። ሁለቱም ካልረጉ ጄላቲኑ ሳስቷል፤ ሁለቱም ከረጉ ደግሞ ኢንዛይሙ በመንገድ ቀርቷልና ወደ ፍሪዘሩና ወደ ብሌንደሩ ይመለሱ።