በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ፔፐር ስፕሬይ መያዝ፦ ሕጉ የሚፈቅደውና የሚከለክለው

ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር፣ ዲሲ ውስጥ ፓርኪንግ የሚሠራ፣ ማታ እንግዳ ለመቀበል ቨርጂኒያ ደለስ ኤርፖርት የሚሄድ ሰው በአንድ ቀን በሦስት ሕጎች ሥር ያልፋል። በሦስቱም ቦታ 18 ዓመት የሞላው ሰው ራሱን ለመከላከል ፔፐር ስፕሬይ (ዓይን የሚያቃጥል የበርበሬ ርጭት) ቢይዝ ወንጀል አይደለም። ችግር የሚመጣው የተሳሳተውን ዓይነት ሲገዙ፣ የማይገባበት በር ይዘው ሲደርሱ ወይም ጥቃቱ ካበቃ በኋላ ሲረጩ ነው።

ጥብቅ የሆነው የዲሲ ሕግ ነው። ድሮ ፖሊስ ዘንድ ማስመዝገብ ያስፈልግ ነበር፤ ያ ግዴታ ተነሥቷል፣ አሁንም ያስፈልጋል የሚልዎት ካለ የቆየ መረጃ ነው። የቀሩት መስፈርቶች ግን እንዳሉ ናቸው። ዕቃው በግፊት የሚረጭ ቆርቆሮ መሆን አለበት፤ የአጠቃቀም መመሪያ በላዩ ላይ ወይም አብሮት ተጽፎ መገኘት አለበት፤ እስከ መቼ እንደሚያገለግል የሚያሳይ ቀንም ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ሲገዙ ቆርቆሮውን ገልብጠው ቀኑን ይፈልጉ። ትንንሾቹ የቁልፍ መያዣ ዓይነቶች መመሪያቸው የሚታተመው ብዙ ጊዜ በማሸጊያው ካርቶን ላይ ስለሆነ ካርቶኑን አይጣሉት፤ አጥፈው ቦርሳ ውስጥ ያስቀምጡት።

ከዚህ የምንረዳው ሌላም ነገር አለ። የፔፐር ዱቄት የያዙ ጥይቶችን የሚተኩስ ሽጉጥ መሰል መሣሪያ በግፊት የሚረጭ ቆርቆሮ አይደለም፤ ቨርጂኒያ ሱቅ ስለተሸጠ ብቻ ዲሲ ይዘው አይግቡ። ሚጥሚጣ በውኃ በጥብጦ በመርጫ ጠርሙስ መያዝም እንዲሁ ነው። ከሕጉ መውጣቱ ሳያንስ አይሠራም፦ ዱቄቱ ቀዳዳውን ይደፍነዋል፣ ግፊት ስለሌለውም ከአንድ ክንድ ብዙ አይርቅም።

በሜሪላንድ ሕጉ የሚያተኩረው በዓላማ ላይ ነው። ሰውን ከሕግ ውጭ ለመጉዳት አስቦ ፔፐር ስፕሬይ ይዞ መገኘት እስከ 3 ዓመት እስራት ወይም እስከ 1,000 ዶላር ቅጣት ያመጣል። በግልጽ ለሚታይ አደጋ በቂ ጥንቃቄ ብሎ የያዘን ሰው ሕጉ አይነካውም፤ ያ ምክንያት ተገቢ መሆን አለመሆኑን የሚመዝነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ከሰው ጋር ተጣልተው «ዛሬ አገኝሃለሁ» የሚል የስልክ መልእክት ልከው ሳለ ስፕሬዩ ኪስዎ ውስጥ ቢገኝ፣ ዓላማዎን የሚናገረው መልእክቱ ነው።

ቨርጂኒያ በቆርቆሮው መጠን ላይ ብዙ አትጨነቅም፤ በአጠቃቀሙ ላይ ግን ከባድ ናት። በመኖሪያ ቤት፣ በንግድ ቤት ወይም ሰው በተሰበሰበበት ቦታ እንዲህ ያለ የሚያቃጥል ነገር በክፋት ለቅቆ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ከ5 እስከ 20 ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል። ራስን፣ ሕይወትንና ንብረትን ለመከላከል የተደረገን ግን ሕጉ ራሱ ለይቶ አውጥቶታል። ሬስቶራንት ውስጥ በጠብ መሃል መርጨት እንግዲህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያልተጣላውም ሰው ሁሉ ይጎዳል።

ይዞ መግባት የማይቻልባቸው ቦታዎች በሦስቱም ግዛት ይመሳሰላሉ፦ ፍርድ ቤት፣ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት። የዜግነት ቃለ መጠይቅ ወይም የጣት አሻራ ቀጠሮ ያለዎት ቀን ስፕሬዩን ከቁልፍዎ ፈትተው ቤት ይተዉት። የኮንግረስ ሕንፃዎችም በስም ጠርተው ከልክለውታል። ልጅ ለመውሰድ ትምህርት ቤት የሚገቡ ወላጆች ቁልፍ መያዣቸው ላይ ያለውን የሚረሱት በጣም ብዙ ጊዜ ነውና፣ ተነቃይ ቀለበት ያለውን መግዛት ይሻላል።

በአውሮፕላን፣ በእጅ ሻንጣ ፈጽሞ አይፈቀድም። በአገር ውስጥ በረራ ቲኤስኤ (የኤርፖርት ፍተሻ የሚያደርገው የፌዴራል መሥሪያ ቤት) በሚጫን ሻንጣ ውስጥ አንድ ብቻ፣ ከ4 ፍሉይድ አውንስ (118 ሚሊ ሊትር) ያልበለጠና ሳይታሰብ እንዳይረጭ መቆለፊያ ያለው ከሆነ ይፈቅዳል፤ አየር መንገዱ ግን ሊከለክል ይችላል። ወደ አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው መልሱ አጭር ነው። ዓለም አቀፉ የአየር ጉዞ ደንብ በእጅም በሚጫን ሻንጣም ይከለክለዋል። ለእኅትዎ ስጦታ አድርገው አይጫኑት።

ከሦስቱ ውጭ ሲጓዙ እንደገና ያጣሩ። ኒው ጀርሲ የሚፈቅደው ከሦስት አራተኛ አውንስ ያልበለጠ አንድ ቆርቆሮ ነው፤ ካሊፎርኒያ እስከ 2.5 አውንስ ትፈቅዳለች።

ስለ አገዛዙ፦ በመለያው ላይ በትልቁ የሚጻፈው የስኮቪል ቁጥር (የበርበሬ የማቃጠል ኃይል መለኪያ) ብዙም አይጠቅምም። የሚያቃጥለውን ንጥረ ነገር ትክክለኛ መጠን የሚናገረው «ሜጀር ካፕሳይሲኖይድስ» የሚለው መቶኛ ነው፤ በብዛት ከሚሸጡት ጠንካሮቹ 1.33 በመቶ ገደማ አላቸው። እንደ ጉም የሚበተነው ለማነጣጠር ይቀላል፣ ነገር ግን ነፋስ ወደ እርስዎ ይመልሰዋል። ታክሲ ወይም ኡበር ለሚነዳ፣ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ለሚሠራ ጄሉ (ዝልግልግ ሆኖ የሚረጨው ዓይነት) ይሻላል። ቢሆንም መኪና ውስጥ መርጨት ራስንም ያሳውራል፤ መኪናውን አቁሞ መውጣት የሚቻል ከሆነ መውጣት ይቅደም። አሠሪዎም ሆነ የሚነዱለት ድርጅት በሥራ ሰዓት መያዙን ሊከለክል እንደሚችል አይርሱ፤ ሕጉ ቢፈቅድም ከሥራ ያስወጣል።

በበጋ መኪና ውስጥ አይተዉት፤ ከ49 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሲሞቅ ሊፈነዳ ወይም ሊያፈስ ይችላል። እንደ ገዙት ሜዳ ላይ፣ ነፋሱ ከኋላዎ ሲመጣ፣ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ይሞክሩት። መቆለፊያውን በየትኛው ጣት እንደሚከፍቱ ካልተለማመዱ በጭንቅ ጊዜ አይገኝም። ግፊቱ በጊዜ ብዛት ስለሚቀንስ ቀኑ ሲያልፍ ይቀይሩት፤ ያለፈበት ቆርቆሮ ሲጫኑት ያንጠባጥባል እንጂ አይረጭም።

አሁን ዋናው ነገር፦ መቼ ነው መርጨት የሚፈቀደው? ሊደርስብዎት የተቃረበ አካላዊ ጥቃት መኖሩን በቂ ምክንያት ይዘው ሲያምኑ፣ ጥቃቱን ለማቆም በሚያስፈልገው መጠን ብቻ። ስድብ አይበቃም። ጠቡን የጀመሩት እርስዎ ከሆኑም ራሴን ተከላከልሁ ማለት በጣም ይከብዳል። ከሁለት እስከ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ፣ ዓይኑ ላይ አነጣጥረው፣ ለአንድ ሰከንድ ያህል ከግራ ወደ ቀኝ ይርጩ፤ ወዲያው ወደ ጎን ተንቀሳቅሰው ይራቁ። ሰውዬው ዓይኑን ይዞ ሲጎነበስ ወይም ሲሸሽ ጥቃቱ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ የሚረጩት ሁለተኛው ጊዜ ተጠቂን ወደ ተከሳሽነት ይለውጣል፤ በዲሲ ቀላል የአካል ጥቃት እስከ 180 ቀን፣ በቨርጂኒያ እስከ 12 ወር ያሳስራል።

ደኅና ቦታ ሲደርሱ 911 ይደውሉ። መጀመሪያ ያሉበትን አድራሻ ይናገሩ፣ ቀጥሎ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር» ይበሉ፤ በዲሲ የ2004 የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ጥቃት እንደደረሰብዎት፣ ስፕሬይ እንደተጠቀሙ፣ የተረጨበት ሰው ሕክምና ሊያስፈልገው እንደሚችል ይግለጹ፤ አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነውና። ቆርቆሮውን አይጣሉ። እርስዎን ከነካዎት ዓይንዎን አይሹ፤ ንጹሕ አየር ይፈልጉ፣ ቶሎ ቶሎ እያርገበገቡ በብዙ ቀዝቃዛ ውኃ ይታጠቡ፣ ቆዳዎን ቅባት በሌለው ሳሙና ይጠቡ። ወተት ከውኃ የተሻለ አይሠራም። ቃጠሎው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል።

ክስ ቢመጣ፣ ዜግነት ያላገኘ ሰው «ቀላል ክስ ነው፣ ጥፋተኛ ነኝ ብለህ ጨርሰው» በሚል ምክር አይፈርም። ትንሽ የሚመስል የጥቃት ፍርድ ግሪን ካርድንም የዜግነት ማመልከቻንም ሊነካ ይችላል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 የወንጀል ጠበቃ ለደንበኛው ጥፋተኝነት መቀበል አገር የሚያስለቅቅ መሆን አለመሆኑን የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል። ስለዚህ መንግሥት የመደበልዎት ጠበቃም ቢሆን፣ ከመፈረምዎ በፊት ይህን ጥያቄ በአስተርጓሚ ይጠይቁት፤ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።