የልብ ደም ሥሮች ጥበትን እንዴት መከላከልና ማከም ይቻላል?

ልብ ለራሱ ጡንቻ ደም የሚያገኘው በላዩ በተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ሲሆን፣ በግድግዳቸው ውስጥ ስብ ለዓመታት ሲጠራቀም መተላለፊያው እየጠበበ ይሄዳል። ዕድሜንና የቤተሰብ ታሪክን መለወጥ አይቻልም፤ አባት ወይም ወንድም ከ55፣ እናት ወይም እህት ከ65 ዓመታቸው በፊት በዚህ ሕመም ተይዘው ከሆነ ግን ቀደም ብሎ መመርመር ይገባል። የደም ግፊትን፣ የስኳር በሽታንና የኮሌስትሮል መብዛትን መቆጣጠር ይቻላል፤ ከሁሉ አስቀድመው ግን ሲጋራ ያቁሙ።

ግፊትዎን ከመለካትዎ በፊት ለ5 ደቂቃ ጸጥ ብለው ይቀመጡ። ጀርባዎን ያስደግፉ፣ እግርዎን አያጣምሩ፣ ክንድዎን በልብዎ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፤ የመለኪያው መጠቅለያም በልብስ ላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ ይታሰር።

ሐኪም እንደ ሁኔታው ኮሌስትሮል የሚቀንሰውን ስታቲን ወይም የደም መርጋትን የሚከላከለውን አስፒሪን ያዝዛል፤ ጥበቱ ከከፋ ሥሩ በስቴንት፣ ማለትም ከፍቶ በሚይዘው ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ይከፈታል ወይም በቀዶ ሕክምና ደሙ በሌላ መንገድ እንዲያልፍ ይደረጋል። «ተሽሎኛል» ብሎ መድኃኒትን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ እጅግ አደገኛ ነው።

ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚዛመት ሕመም ዐርፈውም ካልተወዎት፣ ራስዎ መኪና ሳይነዱ፣ ደቂቃም ሳያባክኑ ድንገተኛ ክፍል ይድረሱ። በሴቶችና በስኳር ሕሙማን ላይ የትንፋሽ ማጠርና ላብ ብቻ ሊታይ ይችላል።