ከፍላትቤድ እስከ ሎውቦይ፦ ዕቃው የትኛው ተሳቢ ላይ ይወጣል?

አሜሪካ ውስጥ ክፍት ተሳቢ የምትጎትቱ ከሆነ፣ ብሮከሩ (ጭነት የሚያገናኘው ደላላ) ስለ ክፍያ ማውራት ሳይጀምር የዕቃውን ቁመት ጠይቁት። በአብዛኞቹ ግዛቶች ያለ ልዩ ፈቃድ (ፐርሚት) የሚፈቀደው ከአስፋልቱ እስከ ጭነቱ ጫፍ 13 ጫማ ከ6 ኢንች ነው። ከዚህ ላይ የተሳቢውን ወለል ከፍታ ቀንሱ፤ የሚተርፈው የዕቃው ድርሻ ነው። በምዕራብ በኩል 14 ጫማ የሚፈቅዱ ግዛቶች አሉ፤ እናንተ ግን በመንገዳችሁ ላይ ያለውን ዝቅተኛውን ልክ ያዙ።

ፍላትቤድ፣ ወለሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ደልዳላ የሆነው ተሳቢ፣ ከፍታው 5 ጫማ ገደማ ስለሆነ ለዕቃው 8 ጫማ ከ6 ኢንች ይቀራል። ርዝመቱ 48 ወይም 53 ጫማ ነው፤ ብረት፣ ጣውላና ቱቦ ከጎንም ከላይም ይጫንበታል።

ስቴፕ ዴክ፣ ወለሉ ከፊት ከፍ፣ ከኋላ ዝቅ ያለው ተሳቢ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። የኋላው ወለል ወደ 3 ጫማ ከ6 ኢንች ስለሚወርድ 10 ጫማ ዕቃ ይይዛል ይባላል፤ እውነት ነው፣ ግን ታችኛው ወለል ላይ ብቻ። ከ53ቱ ጫማ የፊተኛው 10 ወይም 11 ጫማ ከፍ ያለው ክፍል ነው። ስለዚህ 9 ጫማ ከ6 ኢንች ቁመት፣ 45 ጫማ ርዝመት ያለው ዕቃ አይገባም።

11 ጫማ ቁመት ያለው ሎደር (አፈር የሚዝቅ ማሽን) ቢመጣስ? ከአስፋልቱ ሲለካ ፍላትቤድ ላይ 16፣ ስቴፕ ዴክ ላይ 14 ጫማ ተኩል ይደርሳል። መሃሉ በጣም ዝቅ ያለ፣ ወለሉ 2 ጫማ ገደማ የሆነ ሎውቦይ ላይ ግን 13 ጫማ ነው። የሎውቦይ ችግር ርዝመቱ ነው፦ የወረደው መሃል አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 29 ጫማ ብቻ ነው። በራሱ የሚሄድ ማሽን ከሆነ አንገቱ (ከመኪናው ጋር የሚያያዘው የፊት ክፍል) የሚነቀለውን፣ አርጂኤን የሚባለውን ፈልጉ፤ ወለሉ መሬት ነክቶ ማሽኑ በፊት በኩል ይወጣል። አንገቱን የምትነቅሉት ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ይሁን። ተሳቢው ካዘመመ ወይም ጭነቱ አፈር ውስጥ ካሰመጠው፣ መልሳችሁ ስታያይዙ አንገቱና ወለሉ አይገጥሙም።

ኮነስቶጋ ተንሸራታች ሸራ ያለው ክፍት ተሳቢ ነው። ሸራ ከማልበስ ይገላግላል፤ ክፈፉ ግን ከስፋትም ከቁመትም ስለሚወስድ የውስጡን ልክ ጠይቁ።

ከዚያ ማሰር ነው። የማሰሪያዎቹ የሥራ ጭነት ልክ (እያንዳንዱ እንዲችል የተወሰነለት ክብደት) ተደምሮ ቢያንስ የዕቃውን ክብደት ግማሽ መሆን አለበት። ባለ 4 ኢንች ስትራፕ (የጨርቅ ማሰሪያ ቀበቶ) ልኩ ብዙ ጊዜ 5,400 ፓውንድ ነው፤ 40,000 ፓውንድ ዕቃ ቢያንስ አራት ይፈልጋል። ርዝመትም ይቆጠራል፦ 40 ጫማ የሆነ ዕቃ ከፊቱ የሚያግደው ነገር ከሌለ አምስት ማሰሪያ ግዴታ ነው። ከ10,000 ፓውንድ በላይ የሆነ ጎማ ወይም ሰንሰለት ያለው ማሽን ቢያንስ አራት ማሰሪያ ይፈልጋል፣ የእያንዳንዳቸው ልክ ከ5,000 ፓውንድ ሳያንስ። የኤክስካቫተር (የመቆፈሪያ ማሽን) ክንድም ሙሉ በሙሉ ወርዶ ይታሰራል። ስለታም ጠርዝ ላይ መከላከያ ካልገባ ስትራፑ ይቆረጣል። በመጀመሪያዎቹ 50 ማይሎች ውስጥ ቆማችሁ አጥብቁ፤ ጣውላ በተለይ ሲነቀነቅ ስለሚረግብ ስትራፑ ይላላል።