አውቶብስ ቤት ልታደርጉ ላሰባችሁ

አሮጌ አውቶብስ ገዝታችሁ ከነልጆቻችሁ ልትኖሩበት ካሰባችሁ፣ አልጋና ቁም ሳጥን ከማሠራታችሁ በፊት የውኃውን ቦታ ወስኑ። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ነው፤ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሲሞላ 2 ኩንታል ጤፍ እንደ መጫን ነው። ይህን ጣሪያ ላይ ሰቅሎ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ዳገት መውጣት እብደት ነው። ወለል ላይ፣ ከኋላ ጎማ ትንሽ ወደፊት አስቀምጡት፤ ከባዱን የኩሽና ዕቃ ደግሞ በትይዩው ጎን፣ እንዲመጣጠን።

ቀጥሎ አልጋዎቹን ወለሉ ላይ በጠመኔ ሥሉና ልጆቹን አስተኟቸው። እግራቸው መተላለፊያውን ከዘጋ ማታ የተነሣ ሁሉ ይረግጣቸዋል።

የደሴ ብርድ ቢያንገበግባችሁም የከሰል ምድጃ አታስገቡ፤ ከከሰሉ የሚወጣው መርዛማ ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፣ ይገድላል። ቡናው (ወሎ ነን መቼስ፣ አይቀርም) ደጅ ይፈላ።