ጡረታ የወጣ የጦር ማሰልጠኛ አውሮፕላን መግዛት ላማራችሁ

እኔ እዚህ ቨርጂኒያ በአውሮፕላን ጥገና የምተዳደር መካኒክ ነኝ። የበረራ ፈቃድ ያወጡ አበሾች ትንሽ ገንዘብ ሲጠራቀምላቸው ይደውሉልኛል፦ "አንድ የድሮ ወታደራዊ አውሮፕላን ብገዛስ?" ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚጠሩት ቲ-28ን ነው። የእኛ አየር ኃይል ደብረ ዘይት ላይ ስላበረረው ስሙ ከልጅነት ጀምሮ ጆሯቸው ውስጥ አለ፤ አይፈረድባቸውም። ግን ቲ-28 ቢ ባለ 1,425 የፈረስ ጉልበት ሞተር ነው። ነዳጁን ለመቻል የነዳጅ ማደያ ባለቤት መሆን ሳይሻል አይቀርም።

እኔ የምመክረው ናንቻንግ ሲጄ-6ን ነው። ቻይና አብራሪዎቿን ያሰለጠነችበት፣ መጀመሪያ በ1958 እ.ኤ.አ. የበረረ ባለ ሁለት መቀመጫ ነው። አንዱ ከፊት፣ ሌላው ከኋላ ይቀመጣል። ሲጄ-6ኤ የሚባለው 285 የፈረስ ጉልበት አለው፤ በሰዓት 15 ጋሎን ገደማ ይጠጣል። አሜሪካ ውስጥ በብዛት ስላለ ዕቃውም የሚያውቀው ሰውም አይጠፋም። ደህናው ዛሬ ብዙ ጊዜ ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ይጠራል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ወረቀቱን ጨርሱ። አውሮፕላን በስማችሁ ለማስመዝገብ የአሜሪካ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያዥ መሆን አለባችሁ። የሁሉም አውሮፕላን መዝገብ ኦክላሆማ ሲቲ ነው ያለው። እዚያ መዝገቡን አስፈትሻችሁ ዕዳ ወይም እገዳ እንደሌለበት አረጋግጡ። ገንዘቡም በሦስተኛ ወገን በኩል ይለፍ እንጂ በቀጥታ ለሻጩ አትላኩ።

ሲጄ-6 የሚበረው "ኤክስፐርመንታል ኤግዚቢሽን" በሚባል፣ ለትርኢት በሚሰጥ ፈቃድ ነው። መንገደኛ ጭናችሁ ገንዘብ መቀበል አይቻልም። ከፈቃዱ ጋር የተያያዘ የበረራ ገደብ የሚባል ወረቀት አለ፤ ከአውሮፕላን አውሮፕላን ይለያያል። ቃል በቃል አንብቡት። በየዓመቱም የት የት ትርኢት ላይ እንደምትገኙ የሚገልጽ ደብዳቤ ለአሜሪካ አቪዬሽን ባለሥልጣን (ኤፍኤኤ) ቢሮ መላክ ሊኖርባችሁ ይችላል። አሰልቺ ነው፣ ግን ቀላል ነው።

አሁን ወደ ሃንጋሩ እንግባ። ቀለሙን እርሱት። ቀለም የአሮጌ ቮልስ ገዢን እንደሚያታልለው ሁሉ እዚህም ያታልላል። እኔ መጀመሪያ የማየው አየሩን ነው። ይህ አውሮፕላን ሞተሩ የሚነሳው፣ ጎማው የሚገባውና የሚወጣው፣ ፍላፑም (ሲያርፍ ከክንፉ ሥር የሚዘረጋው) ፍሬኑም የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። የግፊቱ ሰዓት ሙሉ ሲሆን 50 አካባቢ ያሳያል። ማታ ሞልቶ እንዲያድር ጠይቁ፤ ጠዋት ሻጩ ሳይቀድማችሁ ሄዳችሁ አንብቡት። ትንሽ ቢወርድ ምንም አይደል፣ ያረጀ ላስቲክና ጓርኒሲዮን ያለበት ነገር ነው። ባዶ ሆኖ ካደረ ግን ፍሳሹን መፈለግ ብዙ ሰዓት ይበላል፤ ያንን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። ከዚያ በጃክ ተነስቶ ጎማው ይግባ፣ ይውጣ። በመጠባበቂያው አየርም እንዲሁ።

ሁለተኛው ነገር ሞተሩ ነው፤ እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ዘጠኙ ሲሊንደሮች በክብ ስለተደረደሩ የተወሰኑት ወደ ታች የተዘቀዘቁ ናቸው። ሞተሩ ሲቆም ዘይት ቀስ እያለ ወደነሱ ይወርዳል። ፈሳሽ ደግሞ አይታመቅም። ዘይት የቋጠረ ሲሊንደር ይዛችሁ ሞተሩን ካስነሳችሁ ቢየላው፣ ማለትም ፒስተኑን ከሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘው ብረት፣ ይጣመማል። ክፋቱ፣ የዚያን ዕለት ላይሰበር ይችላል። ብዙ ሰዓት በርሮ፣ ምናልባት በአዲሱ ባለቤት እጅ፣ አየር ላይ ይሰበራል።

ስለዚህ ሻጩ "ላስነሳላችሁ" ሲል እጁን ተመልከቱ። ማግኔቶው (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጠው) መጥፋቱን አረጋግጦ ፕሮፔለሩን በእጁ ቀስ አድርጎ ያዞራል? ሲከብደው ቆሞ የታችኞቹን ካንዴላዎች ይፈታል? ወይስ ወደ ኋላ መልሶ ይነቀንቀዋል? ወደ ኋላ ሲመለስ ዘይቱ ወደ አየር ማስገቢያው ቱቦ ይገፋል፤ ሞተሩ ሲነሳ ተመልሶ ይገባል። እንዲህ የሚያደርግ ሰው ካየሁ የዋጋ ወሬ ውስጥ አልገባም፣ እቃዬን ሰብስቤ እሄዳለሁ። ከብረቱ ጋር አብራችሁ የምትገዙት የዚህን ሰው ልማድ ነውና።

በዚሁ ምክንያት "ጥቂት ሰዓት ብቻ የበረረ" የሚል ማስታወቂያ አያስደስተኝም። ዓመታት ሃንጋር ውስጥ የቆመ ሞተር ውስጡን ዝገት ይበላዋል። በየሳምንቱ የሚበር፣ ዘይቱ በጊዜው የሚቀየር፣ ቀለሙ የተላጠ ሲጄ-6 ይሻለኛል። የዘይት ማጣሪያውን ወንፊት አስፈትታችሁ የብረት ብናኝ እንዳለ እዩ፤ የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለኩ። የሞተሩ ቁጥር ሎግ ቡኩ (የጥገና መዝገቡ) ላይ ካለው ጋር ይግጠም። ፍተሻውን የሚሠራላችሁ መካኒክ አውሮፕላኑን ሲጠግን የኖረ ሰው አይሁን። እኔ ስጠግነው የኖርኩት ከሆነ እኔንም አትቅጠሩኝ።

ስለ ማብረሩ ብዙ አልልም። የለመዳችሁት ሴስና ከሆነ ፕሮፔለሩ በተቃራኒው ስለሚዞር ስትነሱ የምትረግጡት የግራውን ፔዳል ነው። ፍጥነትና ከፍታ ከሚያሳዩት ጌጆች አንዳንዱ በኪሎ ሜትርና በሜትር ነው የሚያነበው። ኢንሹራንስ ድርጅቶች ሲጄ-6 ከሚያውቅ አስተማሪ ጋር የተወሰነ ሰዓት ብረሩ ይሏችኋል። ከመግዛታችሁ በፊት ዋጋውን ጠይቁ፤ ከአውሮፕላኑ ይልቅ ኢንሹራንሱ ያስቀራቸው ሰዎች አሉ። ሬድ ስታር ፓይለትስ አሶሲዬሽን የሚባል የእነዚህ አውሮፕላኖች ባለቤቶች ማኅበር አለ። አባል ሁኑ፤ በሐምሌ ኦሽኮሽ የአየር ትርኢት ላይም ብዙ ባለቤቶችን በአንድ ቦታ ታገኛላችሁ።

ዋጋ ተስማምታችሁ ልትፈርሙ ስትሉ አንድ ነገር አስጨምሩ፦ የጠላቂ ዋናተኞች የአየር ሲሊንደርና አውሮፕላኑ ላይ የሚገጠምበት ማገናኛ። ብዙ ባለቤቶች ይይዙታል። አየሩ አልቆባችሁ ራቅ ያለ ኤርፖርት ላይ ከቆማችሁ ሞተሩን የሚያስነሳላችሁ እሱ ነው። ሻጩ የለኝም ካለ፣ አየሩ ሲያልቅበት ምን ያደርግ እንደነበር ጠይቁት።